በአንድ ሣጥን ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በኮምፒውተር ክበብ አባላት ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የተደረገ ንግግር)






የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ከየክበቡ አንዳንድ ንግግር እንዲቀርብ በተወሰነው መሠረት ዛሬ ተራው ለእኛ ደርሶ በፊታችሁ ለመቆም በመቻላችን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ከእኛ በፊት የቀረቡት የድራማ ክበብ ጓደኞቻችን አስቀውናል። እኛ ግን የምናሳያችሁ ነገር በዓይን ሲታይ አንድ ጥቁር ሣጥን፣ አንድ ሞኒተርና ሁለት ገመድ ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩን በቃል ማስረዳት ይኖርብናል። ስለዚህ ለጥቂት ደቂቃ ያህል በትዕግሥት እንድታዳምጡን በአክብሮት እንለምናለን።

የምንናገረው ሊነክስ በሚሠራበት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር እንዴት እንደሚቀመጥና የዚያ የውስጠኛው ኮምፒውተር ምስል ሳይዘገይ በውጭኛው ስክሪን ላይ እንዴት እንደሚታይ ነው። ርእሱ የባለሙያ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ይህን ሥራ የጀመርነው ለመራቀቅ ብለን ሳይሆን ችግር ስለ ገጠመን መሆኑን ከታሪኩ ትረዳላችሁ።

የክበባችን አባላት ከልዩ ልዩ ሥፍራ የተሰባሰብን ነን። ከፊሎቻችን ተወልደን ያደግነው እዚሁ ወልድያ ነው። ከፊሎቻችን ወደ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከምትገኘው ከመርሳ፣ ሌሎቻችንም ከሀብሩ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች የመጣን ነን። ከሩቅ የመጡት ጓደኞቻችን በኪራይ ቤት ሦስትም አራትም ሆነው እየኖሩ፣ ቅዳሜ ወደ ወላጆቻቸው ሄደው እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ለእነዚህ ተማሪዎች በኮምፒውተር ክፍል የሚደርሳቸው ጊዜ እንደ ስንቃቸው የተቆጠረ ነው። ቤታቸው ኮምፒውተር የለም። በሳምንት አንድ ጊዜ የሚያገኟት 40 ደቂቃ ከባከነች እስከሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አይገኝም።

በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ጦርነቱ ወልድያ ደርሶ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ከተማችን በምን ዓይነት ችግር ላይ እንደ ነበረች፣ በአካባቢያችንም ብዙ ትምህርት ቤቶች ዕቃቸውን እንዳጡ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም። ከዚያ ወዲህ ያለውን እየጠገንንና ከበጎ አድራጊዎች የተገኘውን እየጨመርን ያቋቋምነው የኮምፒውተር ክፍል አንድ ብርቱ ኮምፒውተርና በርከት ያሉ አሮጌ ኮምፒውተሮች አሉት። በሁሉም ላይ የጫንነው ሊነክስን ነው።

ሊነክስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የጀመረው፣ ከዚያም በዓለም ዙሪያ ያሉ ሰዎች እየተባበሩ ያሳደጉት የኮምፒውተር ሥርዓት ነው። ማንም ሰው ያለ ዋጋ ወስዶ ሊጠቀምበት ይችላል። እኛ የመረጥነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተዛመተ ፋይላችንን ሲያጠፋ የነበረው የዊንዶውስ ቫይረስ ሊነክስን ስለማይነካ ነው። ሁለተኛው፣ ኮምፒውተሮቻችን አሮጌዎች በመሆናቸው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ቀጣዩን ዊንዶውስ 11ን ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር አይሸከመውም። ሊነክስ ግን ሌላው የጣለውን ኮምፒውተር አንሥቶ ያሠራል።

ብርቱው ኮምፒውተር ለሌሎቹ እንደ ቤተ መጻሕፍት ሆኖ ያገለግላል። ኢንተርኔት ሳያስፈልግ ውክፔዲያን የሚያስነብበው ኪዊክስ የተባለው ፕሮግራም፣ የመማሪያ መጻሕፍቱና የተማሪዎች ሥራ የሚገኙት በእርሱ ላይ ነው። በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት በቆየ ጊዜ የሚያስፈልግ ነገር ሁሉ በእጅ መገኘት እንዳለበት ተምረናል። እንግዲህ ይህ ኮምፒውተር ሲጠፋ የክፍሉ ተማሪዎች ሁሉ ከሥራቸው ይቋረጣሉ ማለት ነው።

ችግሩ የመጣው ከንድፍ ሥራ ነው። ምሕንድስና ለመማር የሚፈልጉ ጓደኞቻችን እንደ አውቶካድ ያለ የንድፍ ፕሮግራም መለማመድ ፈለጉ። በሊነክስ ላይ ፍሪካድን የመሰሉ ነፃ የንድፍ ፕሮግራሞች መኖራቸውን እናውቃለን፤ መልካሞችም ናቸው። ነገር ግን በኮሌጅም በምሕንድስና ቢሮም የሚጠብቃቸው አውቶካድ ነው፤ ይህም በሊነክስ ሳይሆን በዊንዶውስ ይሠራል። ለንድፍ የሚበቃ ግራፊክስ ካርድ ያለው ደግሞ ያው ብርቱው ኮምፒውተር ብቻ ነው።

መጀመሪያ ያደረግነው ሁለቱን ሥርዓቶች በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጭነን በየተራ ማስነሣት ነበር። ይህም ለቅሶ ሆነብን። አንድ የንድፍ ተማሪ በመጣ ቁጥር ሊነክስን አጥፍቶ ዊንዶውስን ሲያስነሣ፣ የቀሩት ተማሪዎች መጽሐፋቸው ከፊታቸው ይጠፋል። አንድ ቀን ከሀብሩ የመጣች ጓደኛችን 40 ደቂቃዋን በሙሉ ስታነብና ስትጽፍ ቆይታ፣ ሥራዋን ከማስቀመጧ በፊት አንዱ የንድፍ ተማሪ ኮምፒውተሩን አጠፋው። ልጅቷ አልተቆጣችም። «እኔ እኮ እንደገና የምመጣው የሚቀጥለው ሳምንት ነው» ብላ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ያን ቀን የክበባችን ስብሰባ ዝምታ የበዛበት ነበር። አንዱን ለማስተማር ሌላውን ማስወጣት ትክክል እንዳልሆነ ሁላችንም ተስማማን። ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ ጊዜ የሚሠሩበትን መንገድ መፈለግ ያዝን።

እንዲህ ያለው መንገድ ቨርቹዋል ማሽን ይባላል። በእውነተኛው ኮምፒውተር ውስጥ ከማስታወሻውና ከአንጎሉ ተከፍሎ ለሌላ ሥርዓት የሚሰጥ ክፍል ማለት ነው። ነገሩን በአገራችን ልማድ እናስረዳ። ባለቤቱ ሊነክስ ነው፤ እንግዳው ዊንዶውስ ነው። ባለቤቱ ለእንግዳው አንድ ክፍል ሰጥቶ ምግቡን ያቀርብለታል፤ እንግዳውም በክፍሉ ውስጥ እንደ ልቡ ይኖራል፤ ነገር ግን ከባለቤቱ ዕቃ ያለ ፈቃድ አይነካም። ሊነክስ ይህን መስተንግዶ የሚያደርግበት ክፍል ኬ.ቪ.ኤም. ይባላል። ከሊነክስ ጋር የተዋሐደው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እኛም ከ16 ጊጋባይቱ ራም 8ቱን፣ ከስድስቱ የአንጎል ክፍሎችም አራቱን ለእንግዳው ሰጠን።

ዊንዶውስ በመስኮት ውስጥ ሲነሣ ባየን ጊዜ ሥራው ያለቀ መስሎን አጨበጨብን። ጭብጨባው ግን ያለ ጊዜው ነበር። ንድፉን ማዞር በጀመርን ጊዜ መሥመሮቹ እየተንቀጠቀጡና እየዘገዩ እጃችንን የሚከተሉት ከኋላ ሆነ። ምክንያቱ እንግዳው የሚያየው ግራፊክስ ካርድ እውነተኛ አለመሆኑ ነው። ባለቤቱ «ይህ ካርድህ ነው» ብሎ የሰጠው የማስመሰያ ካርድ ነው። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ የሚስለው አንጎሉ ራሱ ይሆናል። አንጎል ለሁሉም ሥራ የሚውል ቢሆንም፣ በአንድ ጊዜ ብዙ ነጥብ ለመሳል የተሠራው ግራፊክስ ካርድ ነው።

ቀጥለን እውነተኛውን ካርድ ለእንግዳው ለመስጠት አሰብን። ይህንንም የሚያስችለው ቪ.ኤፍ.አይ.ኦ. የሚባለው የሊነክስ ክፍል ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ። ለዚህ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ ባለቤቱ የራሱ ማሳያ እንዲኖረው ሁለት የግራፊክስ ክፍል ያስፈልጋል። የእኛ ኮምፒውተር አንዱ ከአንጎሉ ጋር አብሮ የተሠራ፣ ሁለተኛው ለብቻው የተሰካ ካርድ ስላለው ይህ ተሟልቷል። ሁለተኛ፣ አይ.ኦ.ኤም.ኤም.ዩ. የተባለው ዘበኛ በኮምፒውተሩ ውስጥ መኖር አለበት። ይህም ለእንግዳው የተሰጠው ካርድ ከእንግዳው ማስታወሻ ወጥቶ የባለቤቱን ማስታወሻ እንዳይነካ የሚጠብቅ ነው። በኢንቴል ኮምፒውተሮች ቪ.ቲ.ዲ. ይባላል፤ በባዮስ ውስጥ ገብቶ መክፈት ያስፈልጋል። ሦስተኛ፣ ካርዱ በአንድ ቡድን ውስጥ አብረውት ያሉት ክፍሎች ሁሉ አብረውት መሄድ አለባቸው። እኛ ካርዱን ብቻ ሰጥተን በካርዱ ላይ ያለውን የድምፅ ክፍል በመርሳታችን እንግዳው አልነሣ ብሎን ሁለት ቀን ደክመናል። አንድ ሰው በሬውን ሸጦ ቀንበሩን አልሰጥም እንደሚለው መሆኑ ነው።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ዊንዶውስ በእውነተኛው ካርድ በደንብ ሠራ። ነገር ግን አዲስ ችግር ተወለደ። የእንግዳው ምስል የሚወጣው በካርዱ ጀርባ ካለው ገመድ ነው፤ ያለን ሞኒተር ግን አንድ ብቻ ነው። ከሊነክስ ወደ ዊንዶውስ ለመሄድ በፈለግን ቁጥር የሞኒተሩን መምረጫ መጫን፣ ከዚያም ኪቦርድና ማውስ ማዘዋወር አስፈለገን። ተማሪው ከንድፉ ወደ መማሪያ መጽሐፉ፣ ከመጽሐፉም ወደ ንድፉ ሲመላለስ ጊዜው ያልቃል።

እንግዲያው ምስሉን በኔትወርክ ከእንግዳው ወደ ባለቤቱ እንላከው አልን። በዚህ ጊዜ ሒሳብ ማስላት ግድ ሆነብን። ይህን ሒሳብ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም አብራችሁን ልትሠሩት ትችላላችሁ። አንድ የተለመደ ስክሪን በወርዱ 1920፣ በቁመቱ 1080 ነጥቦች አሉት። ለእያንዳንዱ ነጥብ ቀለም 4 ባይት ያስፈልጋል። ሲባዛ አንድ ምስል 8,294,400 ባይት ይሆናል። ምስሉ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚለወጥ በእያንዳንዱ ሰከንድ 497,664,000 ባይት መተላለፍ አለበት። በትምህርት ቤት የተለመደው የ100 ሜጋቢት ኔትወርክ በሰከንድ የሚያሳልፈው ግን ቢበዛ 12,500,000 ባይት ነው። ወደ 40 እጥፍ ያህል ይበልጠዋል ማለት ነው። ስለዚህ በኔትወርክ ምስል የሚልኩ ፕሮግራሞች ምስሉን ጨምቀው ያሳንሱታል፤ ተቀባዩም እንደገና ይፈታዋል። መጭመቅም መፍታትም ጊዜ ይወስዳል፤ ጥራትም ይቀንሳል። ለሥዕል ዕይታ የሚበቃው ለቀጭን የንድፍ መሥመር አይበቃም።

መዘግየት ማለት ምን እንደሆነ ከወላጆቻችንና ከታላላቆቻችን መካከል የሚያውቁት አሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት በሚመጣ የፕላዝማ ትምህርት ይማሩ እንደ ነበር ነግረውናል። እንዲህ ያለው ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ይገኛል። ምልክቱ ወጥቶ እስኪወርድ ድረስ ብርሃን ራሱ የሰከንድ ሩብ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይወስድበታል። ለሚያይ ሰው ይህ መዘግየት አይታወቅም፤ የሚያወዳድርበት ነገር የለውምና። ነገር ግን በእጃችሁ እርሳስ ይዛችሁ ስትስሉ፣ መሥመሩ ከእጃችሁ በኋላ በሩብ ሰከንድ እየተከተለ ቢመጣ ቀጥ ያለ መሥመር ልታሰምሩ አትችሉም። ለማየት የሚበቃና ለመሥራት የሚበቃ ፍጥነት ልዩ ልዩ መሆኑን የተማርነው ከዚህ ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው እንመጣለን። ከኢንተርኔት ባገኘነው ቀን አውርደን ያስቀመጥነው ሉኪንግ ግላስ የተባለ ፕሮግራም አለ። ትርጉሙ መስተዋት ማለት ነው። ጄፍሪ ማክሬይ የተባለ አውስትራሊያዊ የጀመረውና እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕዝብ የቀረበ፣ እንደ ሊነክስ ሁሉ ያለ ዋጋ የሚገኝ ሥራ ነው። አሳቡ እጅግ ቀላል ነው። እንግዳውና ባለቤቱ የሚኖሩት በአንድ ሣጥን ውስጥ፣ በአንድ ራም ላይ ነው። እንግዲህ በአንድ ግቢ ለሚኖር ሰው ደብዳቤ በፖስታ ለምን ይላካል?

በሁለት የመማሪያ ክፍሎች መካከል ግድግዳ አለ እንበል። በኔትወርክ መላክ ማለት በአንደኛው ክፍል ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን በወረቀት ገልብጦ፣ አጣጥፎ፣ በልጅ እጅ ወደ ሁለተኛው ክፍል መላክ ነው። ሉኪንግ ግላስ የሚያደርገው ግን ግድግዳውን በስቶ ከሁለቱም ክፍል የሚታይ አንድ ሰሌዳ ማቆም ነው። አንዱ ይጽፋል፤ ሌላው በዚያው ቅጽበት ያነባል። ይህ ሰሌዳ የጋራ ማስታወሻ ይባላል። በእንግዳው ውስጥ ያለው ፕሮግራም ካርዱ የሳለውን ምስል በጋራ ማስታወሻው ላይ ያኖረዋል፤ በሊነክስ በኩል ያለው ፕሮግራም ደግሞ ከዚያው አንሥቶ በመስኮት ያሳየዋል። መጭመቅ የለም፤ መፍታት የለም፤ ኔትወርክም የለም። የኪቦርዱና የማውሱ ትእዛዝ ደግሞ ስፓይስ በተባለው ሌላ መንገድ ከባለቤቱ ወደ እንግዳው ይሄዳል።

አሠራሩን በቅደም ተከተል እንናገራለን፤ በሌላ ትምህርት ቤት ያለ ተማሪ ቢያነበው እንዲጠቀምበት ነው።

በመጀመሪያ የሰሌዳው ስፋት ይወሰናል። የስክሪኑን ወርድ በቁመቱ፣ ከዚያም በ4 እናባዛለን። አንዱ ምስል ሲነበብ ሌላው እንዲጻፍ ለሁለት ምስል የሚበቃ ቦታ ስለሚያስፈልግ በ2 እናባዛለን። ለእኛ 16,588,800 ባይት፣ ማለትም ወደ 15.8 ሜጋባይት ሆነ። በዚህ ላይ ለልዩ ልዩ መልእክት 10 ሜጋባይት ሲጨመር 25.8 ይሆናል። መጠኑ 2 በራሱ እየተባዛ የሚገኝ ቁጥር መሆን ስላለበት፣ ቀጥሎ ያለውን 32 ሜጋባይት እንወስዳለን። እኛ በመጀመሪያ ብልጠት መስሎን 16 ሜጋባይት ሰጠነው፤ ፕሮግራሙም ቦታ አነሰኝ ብሎ ቆመ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ቨርቹዋል ማሽኑ በሚተዳደርበት በሊብቨርት መዝገብ ውስጥ አይ.ቪ.ሸሜም የተባለው የጋራ ማስታወሻ በዚሁ መጠን ይጻፋል። በዚሁ መዝገብ ላይ የእንግዳውን ራም ከፍ ዝቅ የሚያደርገውን ክፍል መዝጋት ይመከራል፤ ካርድ ለተሰጠው እንግዳ ፍጥነት ከመቀነስ በቀር ጥቅም የለውምና።

በሦስተኛ ደረጃ፣ በዊንዶውስ ውስጥ የጋራ ማስታወሻው ድራይቨርና የሉኪንግ ግላስ ላኪ ፕሮግራም ይጫናሉ። በሊነክስ በኩል ተቀባዩ ይጫናል። የሁለቱ እትም አንድ መሆን አለበት። እኛ አሮጌ ላኪ ከአዲስ ተቀባይ ጋር አጣምረን አልግባባ ብለውን ነበር። የአንድ ቋንቋ የቀድሞውና ያሁኑ አነጋገር እንደ ማለት ነው።

በአራተኛ ደረጃ፣ ካርዱ ሞኒተር እንደ ተሰካበት ማወቅ አለበት፤ አለዚያ የሚስለው ምስል አይኖርም። ለዚህ ሥራ የሚሸጥ ትንሽ የማስመሰያ መሰኪያ አለ፤ እኛ ግን በወልድያ ሱቆች ፈልገን አላገኘንም። ስለዚህ ከካርዱ የሚወጣውን ገመድ በዚያው በአንዱ ሞኒተር ሁለተኛ ቀዳዳ ላይ ሰካነው። ሞኒተሩ የሚያሳየው የሊነክስን ቢሆንም ካርዱ ሞኒተር አለኝ ብሎ ይሠራል። በዚህ ያለ ወጪ ተገላገልን። ሁሉም ሞኒተር እንዲህ ስለማይፈቅድ አስቀድሞ መሞከር ያስፈልጋል።

በአምስተኛ ደረጃ የፈቃድ ነገር አለ፤ በዚህ ላይ ጥፋታችንን ሳንደብቅ እንናገራለን። የጋራ ማስታወሻው በሊነክስ ውስጥ እንደ ፋይል ይታያል። ተቀባዩ ፕሮግራም «ፋይሉን ለመክፈት ፈቃድ የለህም» ባለን ጊዜ ተቻኩለን ፋይሉን ለሁሉም ሰው ከፈትነው። ምስሉም ወዲያው መጣ። እኛ ስንደሰት መምህራችን ቆመው አዩንና «ልጆች፣ ይህ ማስታወሻ ምን ይዟል?» ሲሉ ጠየቁን። «የስክሪኑን ምስል ነው፣ መምህር» አልናቸው። «እኔ በዚህ ዊንዶውስ ላይ የፈተና ወረቀት ባዘጋጅስ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። የተከፈተው ሰሌዳ ለእኛ ብቻ ሳይሆን በዚያ ኮምፒውተር ላይ ስም ላለው ሁሉ የተከፈተ ነበር። ሌላ ተማሪ ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ የመምህሩን ስክሪን ሊያነብ ይችል ነበር። በማግስቱ ፈቃዱን ለአንድ ተጠቃሚና ቨርቹዋል ማሽኑ ለሚሠራበት ቡድን ብቻ እንዲሆን አስተካከልነው። ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥርም በዚሁ ፈቃድ እንዲፈጠር አዘዝነው። ከሥራው ሁሉ የበለጠ ትምህርት ያገኘንበት ይህ ነው፤ የሚሠራ ነገር ሁሉ በትክክል የተሠራ አይደለም።

ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ዊንዶውስ በሊነክስ ስክሪን ላይ እንደ አንድ መስኮት ተከፈተ። ስክሮል ሎክ የተባለውን ቁልፍ ሲጫኑ ማውሱ ወደ እንግዳው ይገባል፤ እንደገና ሲጫኑ ይመለሳል። መዘግየቱን ለመለካት በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሣ ስልክ ተዋስን። ጣት ቁልፍ ሲጫንና ፊደሉ በስክሪኑ ላይ ሲወጣ አብሮ ቀረጽን፤ ከዚያም በመካከል ያሉትን ምስሎች አንድ በአንድ ቆጠርን። እያንዳንዱ ምስል ከሰከንድ አንድ ሺሕኛው አራት እጅ ያህል ነው። በኔትወርክ የታየው ቁጥር እጅግ የበዛ ሲሆን፣ በጋራ ማስታወሻ የታየው ግን ዊንዶውስ ብቻውን በኮምፒውተሩ ላይ ሲሠራ ከታየው የሚለየው በጥቂቱ ነው። ለእጅ የሚታወቅ ልዩነት የለውም።

ወዳጆቻችን ሆይ፣ ይህን ብለን ሥራችንን ከልክ በላይ እንዳናወድስ ጉድለቱንም መናገር ይገባናል። አንድ ካርድ ለአንድ እንግዳ ብቻ ይሰጣል፤ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ንድፍ የሚሠራ አንድ ተማሪ ብቻ ነው፤ ወረፋው አልቀረም። ዊንዶውስም ሆነ የንድፉ ፕሮግራም ሕጋዊ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ ቨርቹዋል ማሽን ከዚህ ነፃ አያወጣም። መብራት በድንገት ሲጠፋ እንግዳውም ባለቤቱም አብረው ይወድቃሉ፤ ስለዚህ ዩ.ፒ.ኤስ. ማበጀትና ቶሎ ቶሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ለሁሉም ሥራ ይህን ያህል መድከም አይገባም። በቀድሞ የአማርኛ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ ለመክፈት ብቻ ዊንዶውስ ለሚፈልግ ሰው ተራው ቨርቹዋል ማሽን በማስመሰያው ካርድ ይበቃዋል። ለአማርኛ ጽሑፍማ ሊነክስ ራሱ ፊደላችንን በሚገባ ይጽፋል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ሠንጠረዥ ከገባ ወዲህ በየትኛውም ሥርዓት የተጻፈ በሌላው ይነበባል።

አሁን በኮምፒውተር ክፍላችን ማንም የማንንም ሥራ አያጠፋም። በአንድ ወገን አንዱ ንድፉን ሲሠራ፣ በሌላው ወገን የቀሩት ከዚያው ኮምፒውተር መጽሐፋቸውን ያነባሉ። ያን ጊዜ ሥራዋ የጠፋባት የሀብሩ ጓደኛችንም ተመልሳ መጥታ ክበባችን ውስጥ ገብታለች። ዛሬ በግድግዳው ላይ ተለጥፎ የምታዩት የእግረኛ ድልድይ ንድፍ የእርሷ ነው። በሰፈሯ ያለው ወንዝ ክረምት ሲሞላ ታናናሽ ወንድሞቿ ከትምህርት ስለሚቀሩ ድልድዩን ለዚያ ወንዝ አስባ ነው የነደፈችው። ድልድዩ አልተሠራም፤ ንድፉም በባለሙያ አልተመረመረም። ነገር ግን ስፋቱን በገመድ የለካችው ራሷ ናት፤ መሥመሩንም ያሰመረችው ራሷ ናት።

ትናንት ለዝግጅቱ ዕቃ ስናስገባ አንድ ከመርሳ የመጡ አባት ቆመው ተመልክተውን ነበር። «ልጆቼ፣ ይህ አንዱ ሣጥን ሁለት ሆኗል ነው የምትሉኝ?» ብለው ጠየቁን። «አዎ አባባ፤ ባለቤትና እንግዳ ሆነው ነው» አልናቸው። ጥቂት አሰቡና «እንግዳው ባለቤቱን ካላስወጣ መልካም ነው» አሉን። እኛ በብዙ ቃል ያስረዳነውን እኚህ አባት በአንድ አነጋገር ጨረሱት።

በመጨረሻም ለታናናሾቻችን የምንለው አለን። ይህን ሥራ ስንጀምር ከእኛ መካከል ሙሉውን የሚያውቅ አንድም አልነበረም። አንዱ ሒሳቡን ሠራ፤ ሌላው ባዮሱን ከፈተ፤ ሌላዋ ስልኳን አዋሰች፤ መምህራችንም ስሕተታችንን አሳዩን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እውነት ነው። የምንፈልገውን ሁሉ አሟልቶ የሚሰጠን ሰው እስኪመጣ ብንጠብቅ ኖሮ ዛሬም በየተራ እያጠፋን እናስነሣ ነበር። እናንተም ከእኛ የተሻለ እንደምትሠሩ አንጠራጠርም። የሠራንበትን መዝገብ ከነስሕተቱ ጽፈን በክበቡ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠነዋል። የሳትንበትን አይታችሁ ከዚያ ጀምሩ እንጂ እንደ እኛ እንደገና ከመጀመሪያው አትድከሙ።